በተራራ ተጠብቃ በምክር የቆየች አገር፤ ሌሶቶ

የአንድ አገር ክብር በምድሩ ስፋትና በሕዝቡ ብዛት ብቻ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ፤ በዓለም ካርታ ላይ በጣት ጫፍ የሚሸፈኑት ትንንሾቹ መንግሥታት ስማቸው ከተረሳ ብዙ ዘመን በሆነ ነበር። ነገር ግን ታሪክን በማስተዋል ለሚመረምር ሰው፤ ታላላቆቹ ሲፈርሱ ትንንሾቹ ጸንተው የቆዩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በ2025 በማርች ወር የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በአገራቸው ምክር ቤት ፊት ሲናገሩ፤ ሌሶቶን ማንም ሰምቶ የማያውቃት አገር ብለው ጠሯት፤ በአዳራሹም ሳቅ ተሰማ። የሌሶቶ መንግሥት በነገሩ ማዘኑን ገለጸ። እኛም ስሟ አልተሰማም የተባለችውን ይህችን አፍሪቃዊት አገር፤ ምድሯን፣ ሕዝቧን፣ ኑሮዋንና ልማዷን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናስታውቅ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሌሶቶ በአፍሪቃ ደቡባዊ ክፍል የምትገኝ፤ በንጉሥ የምትመራ አገር ናት። ስፋቷ 30,355 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፤ የሕዝቧ ቁጥር ከ2 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል። በአራቱም ማዕዘን የሚያዋስናት አንድ መንግሥት ብቻ ነው፤ እርሱም ደቡብ አፍሪቃ ነው። እንዲህ በአንድ ጎረቤት ብቻ ተከበው የሚገኙ መንግሥታት በዓለም ላይ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱም ሌሎች በኢጣሊያ መካከል ያሉት ሳን ማሪኖና ቫቲካን ናቸው። የባሕር በር ማጣት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አገራችንም ከ1993 ጀምሮ ታውቀዋለች። ሆኖም ብዙ ጎረቤት ያለው አገር አንዱ በር ሲዘጋበት በሌላው ለመውጣት ይችላል፤ ለሌሶቶ ግን ያለው በር አንድ ነው፤ የበሩም መዝጊያ በጎረቤቷ እጅ ነው። የዚህች አገር ታሪክና ፖለቲካ፣ ንግድና ኑሮ ሁሉ ከዚህ ከአንድ ነገር የሚነሣ ስለሆነ፤ አንባቢ ይህን በልቡ ይዞ እንዲከተለን እንለምናለን።

ተፈጥሮ ባሕርን ብትነፍጋት ከፍታን አልነፈገቻትም። የአገሪቱ ዝቅተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ነው፤ መላ ምድሩ ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ ሌላ ነጻ መንግሥትም በዓለም ላይ አይገኝም። ማሎቲ የሚባሉት ተራሮች የአገሪቱን አብዛኛውን ክፍል ይዘውታል፤ ከእነርሱም ሁሉ የሚበልጠው ታባና ንትሌንያና የተባለው ተራራ 3,482 ሜትር ከፍታ አለው። ወራቶቹ ከኛ የተለዩ በመሆናቸው ክረምቱ በጁንና በኦገስት መካከል ነው፤ በዚያን ጊዜ ተራሮቹ በረዶ ይለብሳሉ። ሴንቁ የተባለው ወንዝ ከእነዚህ ተራሮች ተነሥቶ፤ በደቡብ አፍሪቃ ኦሬንጅ በሚል ስም እየተጠራ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይደርሳል። በምዕራብ በኩል በካሌዶን ወንዝ አጠገብ ያለው ዝቅ ያለ ምድር ለእርሻ የሚመች ስለሆነ፤ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው በዚያ ነው፤ ዋናዋም ከተማ ማሴሩ የምትገኘው በዚሁ ወንዝ ዳር ነው። ለእርሻ የሚሆነው መሬት ግን ከመላው አገር አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን በጎርፍ እየታጠበ በብዙ ስፍራ ወደ ገደልነት ተለውጧል።

እርሻው እንዲህ የጠበበበት ምክንያት የተራራው ብዛት ብቻ አይደለም፤ በታሪክ ውስጥ የሚገኝ ሌላ ምክንያትም አለው። ባሶቶ የሚባለው ሕዝብ አንድ ሆኖ የተሰበሰበው በ19ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ነው። በዚያ ዘመን ሊፋቃኔ የተባለው ታላቅ ሁከት በደቡብ አፍሪቃ ምድር ተነሥቶ፤ ነገድ በነገድ ላይ ዘምቶ፣ ከብት ተዘርፎ፣ እህል ተቃጥሎ ነበር። ረኃቡም ከመጽናቱ የተነሣ የሰውን ሥጋ የሚበሉ ሰዎች እስከ መገኘት ደረሱ። በ1786 ገደማ የተወለዱት የአንድ አነስተኛ ባላባት ልጅ ሞሽዌሽዌ፤ በ1824 ወገናቸውን ሰብስበው ታባ ቦሲዩ ወደ ተባለው ተራራ ወጡ። የስሙ ትርጓሜ የሌሊት ተራራ ማለት ነው። ይህ ተራራ በእኛ ቋንቋ አምባ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ ራሱ ሜዳ፣ በላዩም ምንጭና ግጦሽ ያለው፤ መውጫዎቹም ጥቂት ናቸው። ሞሽዌሽዌ በሕይወት እስካሉ ድረስ ይህን አምባ በጦር ኃይል የያዘው ጠላት አልተገኘም።

የሰውየውን ጥበብ የሚያሳየው ግን አምባው ሳይሆን፤ በአምባው ላይ ሆነው ያደረጉት ነው። የባሶቶ ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፤ የሞሽዌሽዌን አያት ፔቴን ሰው በላዎች ገድለው በልተዋቸው ነበር። ገዳዮቹ በተያዙ ጊዜ ሕዝቡ ይገደሉ ቢልም፤ ሞሽዌሽዌ የአያቴ መቃብር የእነዚህ ሰዎች ሆድ ነውና መቃብሩን አላፈርስም በማለት ማሯቸው፤ ከብትም ሰጥተው በሰላም እንዲኖሩ አደረጓቸው ይባላል። በ1831 የምዚሊካዚ ንዴቤሌ ጦር ታባ ቦሲዩን ሊይዝ መጥቶ ሳይችል በተመለሰ ጊዜም፤ ተሸንፎና ተርቦ ለሚሄደው ጦር ሞሽዌሽዌ በሬዎችን ስንቅ ይሆኑት ዘንድ ላኩለት። ነቢዩ ኤልሳዕ የሶርያን ጭፍራ አብልቶ እንዳሰናበተ የሚያስታውስ አንባቢ፤ የዚህን ሥራ ፍሬ ለመገመት አይቸገርም፤ ንዴቤሌዎች ሁለተኛ ወደ ታባ ቦሲዩ አልዘመቱም። የተሸነፉና የተበተኑ ነገዶችም እየመጡ በዚህ አምባ ስለተጠጉ፤ ልዩ ልዩ የነበረው ወገን አንድ ሕዝብ ሆነ።

በ1833 ካዛሊስ፣ አርቡሴና ጎስሊን የተባሉ ሦስት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን መጡ። ሞሽዌሽዌም ከቃሉ ትምህርት ሌላ፤ ከኤውሮፓውያን ጋር ለሚያደርጉት የደብዳቤ ልውውጥ አማካሪ አገኙባቸው። ብዕር ከነፍጥ ጋር ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል የታየው በ1852 ነው። የእንግሊዝ አገረ ገዢ ካትካርት ስለ ተዘረፈ ከብት ካሣ 10,000 ከብትና 1,000 ፈረስ በጥቂት ቀን ውስጥ ይምጣልኝ ብለው አዘዙ። የተላከላቸው ከብት 3,500 ብቻ ስለሆነ በዲሴምበር 20 ቀን ጦራቸውን አዘመቱ፤ ነገር ግን የባሶቶ ፈረሰኞች ጦሩን መክተው መለሱት። በዚያችው ሌሊት ሞሽዌሽዌ ድልን ሳይናገሩ፤ ኃይልዎን አሳይተዋል፣ ቅጣቱም ይበቃልና ሰላም ይሁን የሚል ሐሳብ ያለው ደብዳቤ ጻፉ። አገረ ገዢውም ክብራቸው ሳይነካ ለመመለስ መንገድ ስላገኙ ጦራቸውን ይዘው ሄዱ። ያሸነፈ ሰው ለተሸነፈው የመመለሻ መንገድ መስጠቱ እንደ ድካም የሚቆጠር አይደለም፤ ታናሽ አገር ከታላቅ መንግሥት ጋር ሁለተኛ ጦርነት ቢገጥም ምን እንደሚደርስበት አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ፈተና የባሰ ነበር። የኦሬንጅ ነጻ መንግሥት የተባለው የቦኤሮች መንግሥት በ1858፤ ቀጥሎም ከ1865 እስከ 1868 ባሶቶን ወጋ። በ1865 የቦኤሮቹ አዛዥ ዌፔነር ታባ ቦሲዩን ለመውጣት ሲታገሉ በገደሉ ላይ ሞቱ፤ አምባውም አልተያዘም። ቢሆንም ቦኤሮቹ እርሻውን አቃጠሉ፤ ከብቱንም ነዱ። ሞሽዌሽዌ አምባ ብቻውን ሕዝብን እንደማይመግብ ስላዩ የእንግሊዝን መንግሥት ጥበቃ ለመኑ፤ በማርች 12 ቀን 1868ም አገራቸው በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ሆነች። በ1869 በተደረገው የወሰን ውል ከካሌዶን ወንዝ ማዶ ያለው ለም መሬት ለቦኤሮች ቀረ። ባሶቶ እስከ ዛሬ በእርሻ መሬት ጥበት የሚቸገሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሞሽዌሽዌ በማርች 11 ቀን 1870 ዐረፉ፤ ዕለቱም በየዓመቱ በአገሪቱ ይከበራል።

ልጆቻቸውና ሕዝባቸውም ጥበቃን ከባርነት ለይተው የሚያውቁ ሆኑ። በ1871 አገሪቱ ለኬፕ ቅኝ ግዛት አስተዳደር ተሰጥታ ነበር፤ ይህ አስተዳደር በ1880 ነፍጣችሁን አስረክቡ ባለ ጊዜ ባሶቶ እንቢ ብለው ተዋጉ። ኬፕም በጦር ሊያስገድዳቸው ስላልቻለ በ1884 አገሪቱ እንደገና በቀጥታ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ሆነች። በ1910 የደቡብ አፍሪቃ ኅብረት በተመሠረተ ጊዜ፤ ሕጉ ይህች አገር ወደፊት ከኅብረቱ ጋር ልትጠቃለል እንድትችል አስቦ ነበር፤ የባሶቶ አለቆችና ሕዝብ ግን በአቤቱታና በምክር እየተቃወሙ እንዳይፈጸም አደረጉ። በዚህም ምክንያት ከ1948 በኋላ በደቡብ አፍሪቃ የጸናው የዘር መለያየት ሕግ በዚህች አገር ላይ አልተዘረጋም። አገሪቱም በኦክቶበር 4 ቀን 1966 በንጉሥ ሞሽዌሽዌ ሁለተኛ ዘመን ነጻነቷን አግኝታ፤ በዚያው ዓመት መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት አባል ሆነች።

በባሶቶ ዘንድ ንጉሥ ንጉሥ የሚሆነው በሕዝቡ ነው የሚል የቆየ ምሳሌ አለ። ከጥንት ጀምሮ ፒትሶ በሚባለው ታላቅ ጉባኤ ማንኛውም ወንድ ቆሞ የአለቃውን ሥራ ለመንቀፍ ይችል ነበር። በ1903 የአገር ምክር ቤት ተሰበሰበ፤ የሌሮቶሊ ሕጎች የሚባሉት የልማድ ሕጎችም በጽሑፍ ሆኑ። መሬትም የመላው ሕዝብ ሲሆን ንጉሡ በአደራ የሚጠብቀው ነው እንጂ የግል ንብረት ተደርጎ አይቆጠርም ነበር።

ይሁን እንጂ የምክሩ ልማድ በተጣሰበት ጊዜ አገሪቱ ብዙ ተጎድታለች። በ1970 ጠቅላይ ሚኒስትሩ የምርጫውን ውጤት ሽረው ሕገ መንግሥቱን አገዱ። በ1982 በዲሴምበር ወር የደቡብ አፍሪቃ ወታደሮች በሌሊት ማሴሩ ገብተው 42 ሰዎች ገደሉ፤ ከሟቾቹ 30ው ደቡብ አፍሪቃውያን፤ 12ቱም የአገሪቱ ተወላጆች ነበሩ። በ1986 መጀመሪያ ደግሞ ጎረቤቲቱ ድንበሩን በመዝጋቷ ምግብና ነዳጅ አጠረ፤ በዚያው በጃኑዋሪ ወር ወታደሮች መንግሥቱን ገለበጡ። በ1993 ምርጫና አዲስ ሕገ መንግሥት ቢመጣም፤ በ1998 ስለ ምርጫ በተነሣው ጠብ የጎረቤት አገሮች ጦር ገብቶ የማሴሩ የንግድ ሰፈር ተቃጠለ። ከዚህ ሐዘን በኋላ መሪዎቹ ተመካክረው፤ አናሳ ድምፅ ያገኙ ወገኖችም በምክር ቤት ወንበር የሚያገኙበትን የምርጫ ሥርዓት በ2002 ሠሩ። ዛሬ ንጉሡ ሌትሲዬ ሦስተኛ የአገሪቱ አንድነት ምልክት ናቸው፤ የመንግሥት ሥራ የሚመራው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው።

ስለ ሕዝቡ ልማድ ጥቂት እንናገር። ቋንቋው ሴሶቶ ይባላል። ሰላምታቸው ሰላም ማለት የሆነ ኮትሶ የሚል ቃል ነው፤ በዕድሜ የገፋውን ወንድ ሁሉ አባት፤ ሴቲቱንም እናት ብለው ይጠራሉ። ሰላም፣ ዝናብ፣ ጥጋብ የሚሉት ሦስት ቃሎች የመንግሥቱ መፈክር ናቸው። ከብርዱ የተነሣ ወንዱም ሴቱም የሱፍ ብርድ ልብስ ይደርባሉ፤ ይህ ልብስ በሠርግና በዓለ ንግሥን በመሰለ ክብር ቀን የሚለበስ እንጂ የመኝታ ብቻ አይደለም። ከሣር የሚሠራው ሾጣጣ ባርኔጣቸው በታባ ቦሲዩ አጠገብ ያለውን የኪሎዋኔን ተራራ ቅርጽ የያዘ ነው ይባላል፤ ከ2006 ጀምሮም በሰንደቅ ዓላማቸው መካከል ተሥሏል። ፈረሶቻቸው አጫጭርና ብርቱ ስለሆኑ መኪና በማይደርስበት ዳገት ሁሉ ይወጣሉ። እረኞቹም ከቀስት ገመድና ከላባ የተሠራ ሌሲባ የተባለ መሣሪያ እየነፉ በተራራ ላይ ይውላሉ።

የጽሕፈት ሥራም በዚህች አገር ቀድሞ የተጀመረ ነው። ስሟ ከሞሪያ ተራራ የተወሰደላት ሞሪጃ የተባለች የሚሲዮን መንደር የማተሚያ ቤት አላት፤ በ1863ም ሌሴሊንያና ላ ሌሶቶ፤ ማለት የሌሶቶ ትንሿ ብርሃን፤ የተባለ ጋዜጣ በሴሶቶ ቋንቋ መታተም ጀመረ። በዚያው ቤት ያደገው ደራሲ ቶማስ ሞፎሎ በ1907 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን፤ በ1925ም ቻካ የተባለውን መጽሐፉን በአገሩ ቋንቋ አሳተመ። ሮማ በምትባለው መንደር ደግሞ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በ1945 ያቋቋሙት ኮሌጅ ዛሬ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከሌሎች ብዙ አገሮች ለየት የሚለው ነገር፤ በሌሶቶ ማንበብ የሚያውቁት ሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ መብለጡ ነው፤ ወንዶቹ ልጆች በከብት ጥበቃ ምክንያት ከትምህርት ቤት ስለሚቀሩ ነው።

ወደ ኑሮው ስንመለስ፤ መሬቱ ሕዝቡን ሊመግብ ስላልቻለ ወንዶቹ ከመቶ ዓመት በላይ በደቡብ አፍሪቃ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቁጥራቸው ከ100 ሺህ በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማዕድኑ ሠራተኛ ስለቀነሰ አብዛኛዎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከ2000 በኋላ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ዕቃ ለማስገባት ለአፍሪቃ አገሮች በሰጠችው ዕድል የልብስ ፋብሪካዎች ተስፋፉ፤ አብዛኛዎቹም ሠራተኞች ሴቶች ናቸው። ነገር ግን በ2025 በኤፕሪል ወር አሜሪካ በሌሶቶ ዕቃ ላይ ከመቶ 50 ቀረጥ እንደምትጥል አስታወቀች፤ በኦገስትም ወደ 15 ዝቅ ብታደርገውም፤ በመካከሉ ገዢዎች ትእዛዛቸውን ስላቆሙ ብዙ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። በጁላይ ወርም መንግሥቱ በሥራ ማጣት ምክንያት የአደጋ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ። ከዚህ ሌላ የበግና የአንጎራ ፍየል ጠጉር፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የሌትሴንግ ጉድጓድ የሚወጣ አልማዝ፤ እንዲሁም በ1910 ከተመሠረተው የደቡብ አፍሪቃ አገሮች የጉምሩክ ማኅበር የሚደርሳት ድርሻ ይገኛል። ሎቲ የተባለው ገንዘቧ ከደቡብ አፍሪቃው ራንድ ጋር እኩል ይመነዘራል። በኑሮው ላይ ሕመም ተጨምሮበታል፤ ከአዋቂዎቹ ከአምስቱ አንዱ ገደማ የኤች አይ ቪ ሕዋስ በደሙ ያለበት ነው።

ከሀብቷ ሁሉ የሚበልጠው ግን ውሃ ነው። በኦክቶበር 24 ቀን 1986 ሌሶቶና ደቡብ አፍሪቃ የተራራውን ውሃ ወደ ጎረቤቲቱ የፋብሪካና የከተማ አውራጃ ለመላክ ውል ተፈራረሙ። 185 ሜትር ከፍታ ያለው የካትሴ ግድብ ተሠራ፤ ውሃውም ተራራ በተፈለፈለበት 82 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ውስጥ በራሱ ክብደት እየወረደ ይሄዳል፤ በመንገዱም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ከ1998 ጀምሮ ውሃው ለጆሃንስበርግ አካባቢ ይደርሳል፤ ሌሶቶም ዋጋውን በየጊዜው ትቀበላለች። በዚህም ለዘመናት በሯ በሌላ እጅ የነበረው አገር፤ ጎረቤቷ ያለርሷ የማትችለውን ነገር በእጇ ያዘች። ይሁን እንጂ እርሻቸውና ግጦሻቸው በውሃ የተሸፈነባቸው ገበሬዎች ካሣው አነሰ፣ ዘገየም እያሉ ሲያዝኑ ኖረዋል፤ ውሃው ከደጃቸው አልፎ ሲሄድ የቧንቧ ውሃ ያልደረሳቸው የተራራ መንደሮች መኖራቸውም ተደጋግሞ ተነግሯል።

ለመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ትምህርት የሚሆነው ግን በዚሁ ሥራ ላይ የተነሣው የመማለጃ ክስ ነው። የውሃው ሥራ መሥሪያ ቤት ዋና አስተዳዳሪ ከውጭ አገር ተቋራጮችና አማካሪዎች ገንዘብ መቀበላቸው ተደረሰበት። ይህች ታናሽ አገር ጉዳዩን እስከ ስዊስ ባንኮች መዝገብ ድረስ ተከታትላ ማስረጃ አስመጣች፤ በ2002ም ባለሥልጣኑን በእስራት ቀጣች። በዚህም ሳታቆም፤ የሰጪውን እጅ ከተቀባዩ እጅ ጋር እኩል አድርጋ፤ በመጀመሪያ አንድ የካናዳ፤ ቀጥሎም አንድ የጀርመን ኩባንያ በገዛ ፍርድ ቤቷ ከስሳ አስፈረደችባቸው። በ2004 የዓለም ባንክ የካናዳውን ኩባንያ ለተወሰነ ዘመን ከሥራው አገደ። ብዙ ገንዘብና ብዙ ጠበቃ ያላቸው ታላላቅ አገሮች ሊያደርጉት የሚያመነቱትን ነገር፤ ማንም አልሰማባትም የተባለችው አገር አደረገችው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው አንድ ቁም ነገር አለ። ተራራ የጠላትን ጦር ይከለክላል፤ መማለጃን ግን አይከለክልም፤ የወገንን ጠብም አይከለክልም። ታባ ቦሲዩን ከውጭ የመጣ ጦር አልያዘውም፤ ማሴሩን ያቃጠለው ግን በአገር ልጆች መካከል የተነሣ አለመስማማት ነው። ሞሽዌሽዌ ለተራበው ጠላት በሬ ሲልኩ፣ ለተሸነፈው አገረ ገዢ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ መሬት ጠፍቶም ቢሆን ሕዝብ እንዲተርፍ ሲዋዋሉ፤ ኃይላቸውን ከአቅማቸው ጋር መዝነው ነበር። ልጆቻቸውም ምክርን በያዙበት ዘመን አገራቸውን ጠበቁ፤ ምክርን በጣሉበት ዘመን ደግሞ ጎረቤት ገባባቸው። ዛሬም ፋብሪካው ሲዘጋና ወጣቱ ሥራ ሲያጣ፤ ያችን አገር የሚያቆማት የተራራዋ ከፍታ ብቻ አይሆንም፤ የውሃዋን ዋጋ በእውነት ቆጥሮ ለተራራው ገበሬ ጭምር የሚያደርስ የታመነ ሠራተኛ ያስፈልጋታል። ይህ ደግሞ ለሌሶቶ ብቻ የሚነገር ቃል አይደለም፤ የሕዝብን አደራ በእጁ የያዘ ሁሉ፤ አገሩ ሰፊ ቢሆን ወይም ጠባብ፤ ሊያስብበት የሚገባ ነው።